ከዛግሬብ አይጦች እስከ ሜልቦርን ሜዳ፦ የጅማት ፔፕታይዶች ታሪክ

በጥር 1922 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ አጠቃላይ ሆስፒታል የተኛው ሊዮናርድ ቶምፕሰን የ14 ዓመት ልጅ ነበር። የስኳር በሽታ አክስቶ አክስቶ አጥንትና ቆዳ ብቻ አስቀርቶታል። በወሩ 11ኛ ቀን ከከብት ቆሽት የተጨመቀ ፈሳሽ ተወጋ። ፈሳሹ በደንብ ስላልጠራ የተወጋበት ቦታ አብጦ መግል ያዘ፤ የደሙ ስኳርም እምብዛም አልወረደም። ባዮኬሚስቱ ጄምስ ኮሊፕ ፈሳሹን እንደገና ለማጣራት ሌት ተቀን ሠሩ። ከ12 ቀን በኋላ መርፌው ሲደገም ስኳሩ ወረደ፣ ልጁም ነፍስ ዘራ። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖሯል።

የዳነበት ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች በተወሰነ ቅደም ተከተል የተያያዙባቸው ሁለት የተጣመሩ ሰንሰለቶች ነው። እንዲህ ያሉ አጫጭር ሰንሰለቶች ፔፕታይድ ይባላሉ፤ በጣም ሲረዝሙ ፕሮቲን ይሆናሉ። ሰውነታችን ከአካል ወደ አካል መልእክት ከሚያስተላልፍባቸው ነገሮች ብዙዎቹ ፔፕታይዶች ናቸው። የቶሮንቶው ሕክምና ገና ከጅምሩ ሁለት ነገር አስተምሮ ነበር። ያልጠራ ፔፕታይድ ይጎዳል፤ ማዳን አለማዳኑም የሚታወቀው በሰው ላይ በይፋ ተሞክሮ ውጤቱ ደጉም ክፉውም ሲጻፍ ነው። ከዚህ በታች የምተርከው የጅማትና የጡንቻ መርፌዎች ታሪክ እነዚህ ሁለት ትምህርቶች ችላ የተባሉበት ታሪክ ነው።

ለብዙ ዓመታት ፔፕታይድ የሚገኘው ከቄራ ነበር። ቆሽቱ ወይም ሌላው ዕጢ ይወጣል፣ ይጨመቃል፣ ይጣራል። በ1953 አሜሪካዊው ኬሚስት ቪንሰንት ዱ ቪኞ 9 አሚኖ አሲዶች ያሉትን ኦክሲቶሲን በላቦራቶሪ ሠሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ሥራው ግን እጅግ አድካሚ ነበር፤ አንድ አሚኖ አሲድ በተጨመረ ቁጥር የተገኘውን አጣርቶ እንደገና መነሳት ይጠይቅ ነበር። በ1963 በኒውዮርክ የሮክፌለር ተቋሙ ብሩስ ሜሪፊልድ መላ አመጡ። የሰንሰለቱን አንድ ጫፍ በጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብል ላይ አጣበቁት፤ ሌሎቹን አሚኖ አሲዶች በተራ እየቀጠሉ ትርፉን አጥበው መድፋት ብቻ ቀረ። ወራት ይፈጅ የነበረው ሥራ ለማሽን የሚተው ሆነ። ዛሬ ባለ 15 አሚኖ አሲድ ሰንሰለት ለመሥራት ታላቅ የመድኃኒት ፋብሪካ መሆን አያስፈልግም። በየብልቃጡ የሚቸረቸረው የዛሬው ፔፕታይድ አብዛኛው የዚያ ዘዴ ልጅ ነው።

ጅማትና ጡንቻ ወደዚህ ታሪክ የገቡት በጓሮ በር ነው። በ1966 በኒውዮርኩ አልበርት አይንስታይን የሕክምና ኮሌጅ አለን ጎልድስታይንና አብርሃም ኋይት ከጥጃ ቲመስ፣ ማለትም ደረት ውስጥ ከልብ በላይ ከሚገኘው ዕጢ፣ ያወጡትን ንጥረ ነገር ቲሞሲን አሉት። የፈለጉት የሰውነትን በሽታ መከላከያ የሚያጠነክር ነገር ነበር። በ1981 ከዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ቲሞሲን ቤታ 4 የተባለው ባለ 43 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ ቅደም ተከተሉ ታወቀ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዋና ሥራው ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ሕዋሶች የሚንቀሳቀሱበትን አክቲን የተባለ ፕሮቲን ይዞ የሚያቆይና የሚለቅ ነው። ሕዋስ ወደ ቁስል የሚጓዘው በአክቲን ነውና፣ በ1999 ቁስል ያላቸው አይጦች ላይ ተሞከረ፤ ቁስሉም ፈጥኖ ሞላ።

ሁለተኛው መንገድ የተጀመረው ክሮኤሺያ ውስጥ ነው። አገሪቱ በ1991 ነፃነቷን ስታውጅ ጦርነት ገጠማት። በዚያው ዘመን በዛግሬብ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ የፋርማኮሎጂ ምሁሩ ፕሬድራግ ሲኪሪችና ባልደረቦቻቸው ጨጓራን ከጉዳት የሚጠብቀው ምን እንደሆነ፣ ያ ጠባቂም ለሌላው አካል ይተርፍ እንደሆነ ይመረምሩ ነበር። በ1993 ከሰው የጨጓራ ፈሳሽ አገኘነው ያሉትን ንጥረ ነገር በጽሑፍ አስተዋወቁ፤ ሰውነትን የሚጠብቅ ውሁድ እንደማለት ቢፒሲ አሉት። በላቦራቶሪ የሚሠራው ባለ 15 አሚኖ አሲድ ቁራጭ ቢፒሲ-157 ተባለ። ለጨጓራ ሲባል የተጀመረው ጥናት ውሎ አድሮ ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንት፣ ወደ ነርቭ፣ በመጨረሻም ወደ ጅማት ተሻገረ።

ጅማት ለምን እንዲህ አስቸጋሪ እንደሆነ መናገር እዚህ ላይ ተገቢ ነው። አኪሊስ የሚባለው የተረከዝ ጅማት የባትን ጡንቻ ከተረከዝ አጥንት ጋር ያያይዛል፤ ከሰውነት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙ እሱ ነው። የሚደርሰው ደም ግን ጥቂት ነው፣ በውስጡ ያሉት ሕዋሶችም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ስብራት በሳምንታት ሲገጥም ጅማት ወራት ይፈልጋል፤ ከገጠመ በኋላም ጠባሳው እንደ ቀድሞው ብርቱ አይሆንም። የሯጭ ጅማት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን አይበጠስም። በዓመታት ድካም ውስጡ ይላላል፣ ይወፍራል፣ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ይወጋል። ቀነኒሳ በቀለን የመሰለ አትሌት በ2010 በባቱ ጉዳት ምክንያት የውድድር ዓመቱን ማጣቱን ያስታወሰ፣ ስፖርተኛ ፈጣን ፈውስ ለማግኘት ለምን ይህን ያህል እንደሚጓጓ ይገባዋል።

ለአኪሊስ ሕመም በሰው ላይ ጎልቶ የታየው ለውጥ ከመርፌ አልመጣም። በሰሜን ስዊድን በኡሜዮ ከተማ ሐኪሙ ሃካን አልፍሬድሰን የገዛ አኪሊሳቸው ሲታመም ቀዶ ሕክምና ጠይቀው አለቃቸው ከለከላቸው። ከተበጠሰ መቼም ቀዶ ሕክምናው የግድ ይሆናል ብለው የታመመውን ጅማት እያመማቸው በከባድ ልምምድ አስጨነቁት፤ ጅማቱ በመበጠስ ፈንታ ዳነ። በ1998 ባሳተሙት ጥናት 15 ሰዎች ለ12 ሳምንታት በየቀኑ 180 ጊዜ ተረከዛቸውን ከደረጃ ጫፍ ላይ ቀስ አድርገው ወደ ታች ዝቅ አደረጉ። 15ቱም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። ከእነሱ ጋር የተነጻጸሩት፣ የተለመደውን ሕክምና ያገኙት 15 ሰዎች ግን መጨረሻቸው ቀዶ ሕክምና ሆነ። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ የዛሬው የጅማት ሕክምና ግን አሁንም የሚቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ ጅማት የሚጠነክረው በልክ ሲጫኑት ነው።

ፔፕታይድ በደንብ ሲጠና ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በ2001 ታየ። ቴሪፓራታይድ የተባለው ባለ 34 አሚኖ አሲድ ሰንሰለት፣ የአከርካሪ አጥንታቸው ቀደም ሲል ተሰብሮ በነበረ 1,637 ሴቶች ላይ ተሞከረ። አንዳንዶቹ መድኃኒቱን፣ ሌሎቹ ባዶ መርፌ በየቀኑ ተወጉ፤ ማን ምን እንደወሰደ ተሰውሮ ነበር። በቀን 20 ማይክሮግራም የወሰዱት ሴቶች አዲስ የአከርካሪ ስብራት ባዶውን ከወሰዱት በ65 በመቶ ያነሰ ሆነ። በመካከሉ ለረጅም ጊዜ የተወጉ አይጦች የአጥንት ካንሰር እንደያዛቸው ስለታወቀ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ቆመ፤ መድኃኒቱ በ2002 ሲጸድቅም ይኸው ማስጠንቀቂያ በጉልህ ተጽፎበት ነበር። ጥቅሙም ሥጋቱም ተለክቶ ለሐኪምና ለታካሚ ተሰጠ። ለጅማትም የሚገባው ይህ ነበር።

በ2003 ከዛግሬብ የወጣው ጥናት ለጅማት እንዲህ ያለ ቀን የቀረበ አስመስሎ ነበር። ተመራማሪዎቹ የአይጦችን አኪሊስ ከተረከዙ አጥንት 5 ሚሊሜትር ከፍ ብለው ሙሉ ለሙሉ ቆረጡት። ከ30 ደቂቃ በኋላ ለገሚሶቹ ቢፒሲ-157 ሆዳቸው ውስጥ ተወጋ፤ ለሌሎቹ የጨው ውኃ ብቻ። መርፌው በየቀኑ አንድ ጊዜ ቀጠለ። ከፍተኛው መጠን በኪሎ ክብደት 10 ማይክሮግራም ነበር፤ ሌሎቹ ቡድኖች ከዚያ ሺህ ጊዜና ሚሊዮን ጊዜ ያነሰ ተሰጣቸው። አይጦቹ ሲራመዱ የእግራቸው አጣጣል እየተለካ ከጤነኛ አይጥ ጋር ተነጻጸረ። ከቀናት በኋላ ጅማቱ ወጥቶ እስኪበጠስ ተጎተተ፣ በማይክሮስኮፕም ታየ። የመጨረሻው ምርመራ የተደረገው በ14ኛው ቀን ነበር። መድኃኒቱን ያገኘው ጅማት ለመበጠስ የበለጠ ጉልበት ጠየቀ፤ የአይጦቹም አረማመድ ወደ ጤነኛው ቀረበ። በ2006 የተቆረጠ የጭን ጡንቻና ከአጥንቱ የተነቀለ አኪሊስ ላይ ተመሳሳይ ውጤት ታተመ።

ይህን ውጤት ማቃለል አይገባም፤ ልኩን ማወቅ ግን ግድ ነው። የተቆረጠው ጤነኛ ጅማት ነበር፣ በስለት፣ በንጹሕ ቦታ፣ በላቦራቶሪ አይጥ ላይ። በሯጭ እግር የሚታየው የዓመታት ድካም ሌላ ጉዳት ነው። የጥናቶቹም አብዛኛው ከአንድ ቤት ወጥቷል። በ2011 የታይዋን ተመራማሪዎች በሳህን ላይ ያደጉ የአይጥ ጅማት ሕዋሶች በቢፒሲ-157 ይበልጥ እንደሚንቀሳቀሱና ጉዳትን እንደሚቋቋሙ ሲያሳዩ ትልቅ ዋጋ ያገኘው ከዛግሬብ ውጭ የመጣ ምስክር ስለሆነ ነው። ፔፕታይዱ አዳዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ይገፋፋል መባሉ ደግሞ በሁለት ወገን የሚታይ ነገር ነው። ደም ለተጠማ ጅማት መልካም ዜና ነው፤ ሳይታወቅ በሰውነቱ ውስጥ ዕጢ ላለበት ሰው ግን አያስተማምንም። ይህን ጥያቄ በሰው ላይ የመለሰ ጥናት የለም። አዚትሮማይሲንን ለዓለም ያበረከተው የዛግሬቡ ፕሊቫ ኩባንያም ፔፕታይዱን ለአንጀት ቁስለት በሰው ላይ መሞከር ጀምሮ ነበር፤ እስከ ፋርማሲ ግን አልደረሰም።

ቲሞሲን ቤታ 4ም ዕጣው ከዚህ ብዙ አልራቀም። ሬጅኔአርኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአልጋ ቁስል፣ በእግር ቁስልና በዓይን ድርቀት ላይ በሰው ሞከረው፤ እስከ ዛሬ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አላጸደቀውም። ገበያው ግን ይህን ሁሉ አልጠበቀም። ቲቢ-500 በሚል ስም የፔፕታይዱ ቁራጭ ለእሽቅድምድም ፈረሶች ይሸጥ ጀመር፤ በ2012 የሆንግ ኮንግ የፈረስ ውድድር ላቦራቶሪ ባለሙያዎች መለያ ዘዴውን አሳተሙ። ሰውም ከፈረስ ብዙ አልዘገየም።

በ2011 መጨረሻ የአውስትራሊያ እግር ኳስ ክለብ ኢሴንደን ስቲቨን ዳንክን በስፖርት ሳይንስ ባለሙያነት ቀጠረ። የአውስትራሊያ እግር ኳስ በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት፣ ሩጫና ግጭት የበዛበት ጨዋታ ነው፤ ሜልቦርን ውስጥ ልጅ ሽማግሌው የሚሞትለት። ዳንክ ያመጣው ዕቅድ ተጫዋቾች በመርፌ እየታገዙ ቶሎ እንዲያገግሙ ነበር። ተጫዋቾቹ የስምምነት ቅጽ ቀረበላቸው፤ በአንዱ ቅጽ ላይ ለስድስት ሳምንታት በየሳምንቱ አንድ የቲሞሲን መርፌ፣ ከዚያም በወር አንድ ጊዜ ይላል። ቲሞሲን ግን የአንድ ነገር ስም አይደለም፤ የብዙ ፔፕታይዶች ቤተሰብ ነው፣ ከመካከላቸውም በስፖርት የተከለከለ አለ። ቅጹ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ተጫዋቾቹ ፈረሙ። የክለቡ ሐኪም ብሩስ ሬይድ በጥር 2012 ሥጋታቸውን በደብዳቤ ገልጸው ነበር፤ መርፌው ግን ቀጠለ።

የ2012ን ውድድር ኢሴንደን ከ9 ጨዋታ 8ቱን አሸንፎ ጀመረ። ከዚያ ጡንቻቸው የሚሸመቅቅባቸው ተጫዋቾች በዙ፤ ክለቡ በ11ኛነት ጨረሰ። ጉዳቱን ያመጣው መርፌው ነው ማለት አይቻልም። ከጉዳት እንዲጠብቃቸው የተወጉት ግን እንዳልጠበቃቸው ሁሉም አይቷል።

በየካቲት 2013 ክለቡ ራሱ ምርመራ ጠየቀ፣ ነገሩም አገር ያናወጠ ወሬ ሆነ። በዚያ ዓመት ነሐሴ ሊጉ ክለቡን 2 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፣ ከዋንጫ ማጣሪያው አስወጣው፣ አሠልጣኙን ጄምስ ሄርድን ለ12 ወር አገደ። ቀጥሎ የተጫዋቾቹ ጉዳይ መጣ። 34 ተጫዋቾች ቲሞሲን ቤታ 4 ተወግተዋል ተብለው ተከሰሱ። በመጋቢት 31 ቀን 2015 የሊጉ ፍርድ ሸንጎ ማስረጃው አላጠገበኝም ብሎ ነፃ ለቀቃቸው። ዓለም አቀፉ የፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ ዋዳ ይግባኝ አለ። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በጥር 12 ቀን 2016 ውሳኔውን ገልብጦ 34ቱንም ለሁለት ዓመት አገዳቸው። የተፈረደባቸው በሽንት ወይም በደም ምርመራ ተይዘው አልነበረም፤ ቅጾች፣ መልእክቶችና የመድኃኒቱ የአገባብ መንገድ ተገጣጥመው ነው። ዳኞቹን ይበልጥ ያሳዘነው ደግሞ ተጫዋቾቹ በዶፒንግ ምርመራ ጊዜ ምን መድኃኒት እንደወሰዱ ሲጠየቁ መርፌውን ሳይጠቅሱ መቅረታቸው ነበር። የእገዳው ጊዜ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ቢታሰብላቸውም ገና ይጫወቱ የነበሩት የ2016ን ውድድር ሙሉ አጡ፤ ኢሴንደንም በዚያ ዓመት የመጨረሻ ሆነ። የ2012 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ የተሸለመው አምበሉ ጆብ ዋትሰን ሜዳሊያውን መለሰ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ዛሬም ድረስ የሚያስቆጨኝ አንድ ነገር አለ። እነዚያ 34 ሰዎች በትክክል ምን፣ ስንት ጊዜ፣ በምን መጠን እንደተወጉ የሚናገር አስተማማኝ መዝገብ አልተገኘም። ከስድስት ሳምንት መርፌ፣ ከ34 ጤነኛ ወጣቶች፣ ለሌላ ሕመምተኛ የሚጠቅም አንዲት መስመር እውቀት አልተረፈችም። የጎንዮሽ ጉዳት ቢመጣ ለሐኪማቸው የሚነግሩትን እንኳ አያውቁም።

ሜልቦርን በዚህ ስትታመስ፣ በዚያው በ2013፣ ኮፐንሃገን ውስጥ ካትያ ሃይነማየርና ባልደረቦቻቸው ስለ ጅማት እጅግ የሚያስገርም ነገር አሳተሙ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተፈነዱት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች በአየር ውስጥ የካርቦን-14ን መጠን ከፍ አድርገው ነበር። ያ ካርቦን በዚያን ጊዜ በሚያድግ አካል ሁሉ ውስጥ ገብቷል። ተመራማሪዎቹ የሰዎችን አኪሊስ ወስደው ሲለኩ የጅማቱ እምብርት ሰውየው 17 ዓመት ገደማ እስኪሞላው በተሠራበት ሁኔታ እንዳለ፣ ከዚያ በኋላም እንዳልታደሰ አገኙ። በሁለት ሳምንት ከሚጠገን የአይጥ ጅማት ተነስቶ ለ35 ዓመት ማራቶን ሯጭ ተስፋ የሚሰጥ ሁሉ ይህን ጥናት ማለፍ አይችልም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ አጭር ነው። በ2015 ቢፒሲ-157 በ42 ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ይሞከራል ተብሎ ተመዘገበ፤ ውጤቱ አልታተመም። በ2021 አንድ የአሜሪካ ክሊኒክ ጉልበታቸው ውስጥ የተወጉ ጥቂት ታካሚዎችን ወደ ኋላ ተመልሶ ጠይቆ ብዙዎቹ ተሽሏቸዋል አለ፤ የሚነጻጸር ቡድን ግን አልነበረውም። ዋዳ ከ2022 ጀምሮ ቢፒሲ-157ን ለሰው ሕክምና ያልጸደቁ ነገሮች በሚዘረዘሩበት ክፍል በስም ጠቅሶ አገደ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በመስከረም 2023 ፋርማሲዎች ቀምመው ቢያቀርቡት ሥጋት አላቸው ካላቸው ንጥረ ነገሮች መደበው፤ ምክንያቱም ሰውነት ሊቃወመው መቻሉ፣ በውስጡ ባዕድ ነገር ሊኖር መቻሉና በሰው ላይ የደህንነት መረጃ ማነሱ ነበር። በ2025 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ስለ ቢፒሲ-157 በስፖርት ሕክምና መስፈርቱን ያሟሉ 36 ጥናቶች አገኘ፤ 35ቱ የላቦራቶሪና የእንስሳት ነበሩ። ብልቃጡ ግን ለምርምር ብቻ፣ ለሰው የማይሆን የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ሰው ለሚወጋው ሰው ይሸጣል።

ሳይንሱ ሐሰት ነው አልልም። የዛግሬብ አይጦች ያሳዩት ነገር ቴሪፓራታይድ ያገኘውን ዓይነት ፈተና ይገባው ነበር፤ 30 ዓመት ሙሉ ያን ፈተና አለማግኘቱ ለተጎዱት ሰዎች በደል ነው። ገንዘብ ያላቸው መንግሥታትና ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ጥናት ሊሠሩት ይገባል፤ ሻጩ ያለ ጥናት እያተረፈ እስካለ ድረስ እሱ አይሠራውም።

አንተ ግን አሠልጣኝ ወይም ማናጀር ቶሎ ያድንሃል ብሎ ብልቃጥ ያሳየህ ሯጭ ከሆንክ፣ በዋዳ ሕግ በሰውነትህ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አንተ ነህ፤ ሌላ ሰው ወጋኝ ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣህም። የብልቃጡን ስም ጻፈው፣ ለቡድን ሐኪምህና ለኢትዮጵያ ፀረ-ዶፒንግ ባለሥልጣን አሳይ፤ መልሱን በጽሑፍ ሳትቀበል አትወጋ።